ጥይት በደረሰኝ

ክሪስ ሮክን ታውቁታላችሁ፤ ኦስካር መድረክ ላይ በጥፊ የተመታው ኮሜዲያን ነው። ጥፊውን ለጊዜው እንተወውና ወደ 1999 እ.ኤ.አ. እንመለስ። በዚያ ዓመት «ቢገር ኤንድ ብላከር» በተባለው የመድረክ ሥራው፣ አሜሪካኖች ስለ ጠመንጃ ቁጥጥር የሚነታረኩበትን ጉዳይ በአንድ ሐሳብ ገለበጠው። ጠመንጃውን ተዉት፣ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ጥይቱ ነው አለ። አንዷ ፍሬ አምስት ሺህ ዶላር ትሁን። ያን ጊዜ የተናደደ ሰው ከመተኮሱ በፊት ተጨማሪ ሥራ ይዞ ገንዘብ ማጠራቀም ሊኖርበት ነው። በተባራሪ ጥይት የሚሞት መንገደኛም አይኖርም፤ በዚያ ዋጋ ማን ስቶ ይተኩሳል?

ቀልዱን ስሰማ ሳቄን ሳልጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ አገር ጥይት በእርግጥም ዋጋ ወጥቶለት ያውቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች አስከሬኑን ሊወስዱ ሲሄዱ የገደለውን ጥይት ዋጋ ክፈሉ ይባሉ ነበር። ማልቀስ በተከለከለበት፣ አስከሬን መረከብ ራሱ እንደ ዕድል በሚቆጠርበት ዘመን፣ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «የጥይት ሂሳብ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሏል ማለት ነው። ይህን ኮሜዲያን አልፈጠረውም። ማኅተም የያዘ ሹም ነው የፈጠረው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጥይት ዋጋ ይኑረው። የሚለያዩት ሂሳቡ ለማን ይላክ በሚለው ነው። ክሪስ ሮክ ለተኳሹ ላከው፣ ደርግ ለሟች እናት። ስለ ጠመንጃ የሚነገር ጥቁር ቀልድ እንዴት እንደሚሠራ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ለምን ሌላ ዓይነት ብልሃት እንደሚጠይቅ ላስረዳችሁ የምፈልገው ከዚህች ልዩነት ተነስቼ ነው። ወላይታ ሶዶን መሃል ላይ አቆማታለሁ። ምክንያቱን እየቆያችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንፍታው። የዚህ ቀልድ አባት ጆናታን ስዊፍት ነው። ደብሊን ከተማ ውስጥ የካቴድራል አለቃ ነበር፤ እንደኛው አለቃ ገብረ ሃና ከቤተ ክህነት የወጣ ተረበኛ በሉት። በ1729 እ.ኤ.አ. አየርላንድ በረሃብ ስትማቅቅ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፏ የምትለው፣ ድሆች ልጆቻቸውን አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለባለጠጎች ማዕድ ይሽጡ ነው። ዋጋውን አሰላ፣ አንድ ሕፃን ለስንት እንግዳ እንደሚበቃ ገመተ፣ ቆዳው ለጓንት ይሆናል አለ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀም። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ የባለሥልጣንን አነጋገር፣ የባለሙያን ስሌት ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ ፈገግ ሳትሉ እስከ ጥግ ድረስ ትከተሉታላችሁ። ሰውን እንደ ቁጥር የሚቆጥር አስተሳሰብ ሕፃን እስከ መጥበስ ካደረሰ፣ የሚያፍረው የአስተሳሰቡ ባለቤት ነው።

በጠመንጃ ጉዳይ ይህን አካሄድ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው «ዘ ኦኒየን» የተባለው የአሜሪካ የስላቅ ጋዜጣ ይመስለኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ወጣት ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ ጋዜጣው አንዲት አጭር ሐሰተኛ ዜና አወጣ። ይህ ዓይነቱ ነገር በየጊዜው የሚደርስባት ብቸኛዋ አገር «ምንም ማድረግ አይቻልም» አለች የሚል ነበር። ቀጣዩ ግድያ ሲመጣ ያንኑ ዜና የቦታውን ስምና የሟቾቹን ቁጥር ብቻ ቀይረው አወጡት። ቀጥሎም እንዲሁ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ በደርዘን በሚቆጠሩ ጊዜያት አተሙት። በ2022 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ዩቫልዴ ትምህርት ቤት ውስጥ ሕፃናት ሲገደሉ ደግሞ እስከዚያ ያወጡትን ሁሉ በአንድ ገጽ ደረደሩት። አንዱን ብቻ ብታነቡት ፈገግ ትላላችሁ። ሲደረደር ግን ክስ ይሆናል። አዲስ ቃል አለመጻፋቸው ራሱ ነው ቀልዱ፤ የፖለቲከኞቹም የሐዘን መግለጫ አንድ ዓይነት ነዋ!

ኮሜዲያኑ ሳሻ ባሮን ኮኸን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። በ2018 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የፀጥታ ባለሙያ መስሎ ወደ አሜሪካ ፖለቲከኞች ቀረበና የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን እናስታጥቅ የሚል እቅድ አቀረበላቸው። በሥልጣን ላይ ያሉና የነበሩ ሰዎች ካሜራ ፊት ቆመው እቅዱን ደገፉ። ስዊፍት ሐሳቡን ብቻውን እስከ ጥግ ወሰደው፤ ኮኸን ግን ሌሎቹ በፈቃዳቸው እንዲሄዱበት በሩን ከፈተላቸው።

እንግዲህ እነዚህን ቀልዶች ወደ አማርኛ ወይም ወደ ወላይትኛ መልሳችሁ ሶዶ ላይ ብታቀርቡ ምን ይሆናል? ተመልካቹ በጨዋነት ፈገግ ይላል፣ ያልፋል። ችግሩ ከትርጉሙ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ቀልድ የሚቆመው በአንድ መነሻ ላይ ነው፤ ዜጋው ሱቅ ገብቶ መሣሪያ ይገዛል፣ መንግሥት ደግሞ ይከለክለው ወይስ ይፍቀድለት እያለ ያመነታል። ወላይታ ውስጥ የጠመንጃ ታሪክ እንዲህ አልጀመረም። ወላይታ ሕዝብ የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው፤ ገንዘብ የያዘ አባወራ በሬ ይገዛል፣ ልጅ ያስተምራል። ክብሩ በከብቱና በጊፋታ በዓል በሚታረደው ሰንጋ ነው የሚታየው። ጠመንጃ ተሸክሞ ገበያ መውጣት በጎጃምና በጎንደር ገጠር ያለውን ያህል የወንድነት ምልክት ሆኖ አያውቅም። ጠመንጃው ሶዶ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ሲመጣም በባለሥልጣን እጅ ሆኖ ነው።

ይህ ታሪክ ራሱ በጥቁር ቀልድ የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አርተር ራምቦ የሚባለውን ፈረንሳዊ ገጣሚ ሰምታችሁ ይሆናል። ፈረንሳዮች ከታላላቆቻቸው ይቆጥሩታል፤ እሱ ግን ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወና ወደ እኛ አካባቢ መጥቶ ነጋዴ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከባሕር ጠረፍ ሸዋ ገባ። ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። የራምቦ ሸሪክ ላባቱ ቀድሞ ሞቶ ስለነበር አበዳሪ ነን ባዮች ከየአቅጣጫው ተሰበሰቡበት፤ ንጉሡም ዋጋውን ተከራክረው፣ የሟቹን ዕዳ ቀንሰው፣ ቀሪውን ሐረር ሄደህ ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን ተቀበል ብለው ወረቀት ጻፉለት። የአውሮፓ ታላቅ ባለቅኔ ቅኔ በሞላበት አገር በሂሳብ ተረታ!

አውሮፓውያኑም በ1890 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ እንደጸና ንግዱም ቀጠለ። ጣሊያን ምኒልክን ለማባበል ጥይት በገፍ ላከች፤ ብድሯ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተመለሰላት። ይህን ስንናገር ሁላችንም እንስቃለን፣ ደስም ይለናል። ከዓድዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር በፊት ግን፣ በ1887 ዓ.ም.፣ በዚያ ዓይነት ንግድ የተሰበሰበ ጠመንጃ የታጠቀ ጦር ወላይታ ገብቶ ነበር። የወላይታው ንጉሥ የካዎ ጦና ሰዎች ይዘው የወጡት ጦርና ጋሻ ነው፤ ፈረስም ነበራቸው። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ሰውም ከብትም ተነዳ። ከዘመቻው ጋር የሄደው ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ከዚያ በኋላ ባለጠመንጃው መሬቱ ላይ ተቀመጠ፣ ገበሬውም ገባር ሆነ። እንግዲህ አንዱ ሳጥን ጥይት በአንዱ ታሪክ ጀግና ነው፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር የሚችል ቀልድ የጻፈ እስካሁን አላየሁም፤ ከእናንተ አንዱ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ስላቃችንን በቲያትር የጀመረልን ሰው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመድፍ መኮንን! ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ተወስደው ሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የሚባለውን ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ አሳዩ። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው። ተመልካቾቹ መኳንንት ግን ማን ማንን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የአስተዳደሩን ብልሹነት የሚነካ ስለነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መድፍ ተኩሰው ቢሆን ኖሮ ይሸለሙ ነበር።

የእኚሁ ሰው ዕድል አስገራሚነት በዚህ አያበቃም። በ1928 ዓ.ም. መባቻ ጣሊያን ጦሯን ባሕር አሻግራ ስትደረድር፣ ጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ለአገራቸው የተከራከሩት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ክረምት ሰላም ወዳድነታቸውን ለማሳየት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ለሁለቱም እኩል! አንደኛው ወገን የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካና አውሮፕላን አለው፣ ሌላው የለውም፤ ክልከላው ግን ፍጹም ሚዛናዊ ነው። ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ምጸት መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም። ቁጥጥር ሁሉ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይባልም፤ የሚጠየቀው ክልከላው ማን እጅ ላይ ያርፋል ነው።

አሁን ወደ ሶዶ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ሕዝቦች በአንድ ዞን ነበሩ። ቋንቋዎቻቸው ይቀራረባሉ። ሹማምንቱ ተቀመጡና አራቱን አቀላቅለው አንድ የማስተማሪያ ቋንቋ ሠሩ፤ ስሙንም ከየስማቸው መጀመሪያ ቆንጥረው «ወጋጎዳ» አሉት። መጽሐፍ ታተመ፣ ወደ ትምህርት ቤት ተላከ። በዓለም ላይ አንድም እናት ልጇን አባብላ የማታውቅበት ቋንቋ ነው። እዚህ ድረስ ኮሜዲ ነው፤ ስዊፍት ሰምቶት ቢሆን ይቀና ነበር። የሶዶ ተማሪዎች፣ መምህራንና ነዋሪዎች አንፈልግም ብለው ወጡ። መልሱ ጥይት ነበር፤ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. የራሱን ዞን አገኘ። የመማሪያ መጽሐፍ በጠመንጃ የተጠበቀበት ጊዜ ብዙ አይመስለኝም። የመርማሪ ኮሚሽን ሪፖርት የሚመስል ኮሜዲ ጻፉ ብባል ከዚህ እጀምር ነበር፤ መዝገቡ ላይ «ተኩሱ የተከፈተው ለየትኛው የሰዋስው ሕግ ነው?» የሚል ጥያቄ አስገባለሁ።

ሁለተኛው የሶዶ ታሪክ ግን ቅርብ ነው፣ ቁስሉም አልደረቀም። በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1177/2012 ነው። ግለሰብና ድርጅት የያዘውን መሣሪያ እንዲያስመዘግብ፣ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ በመሣሪያ መነገድም በሕግ እንዲገደብ ያደረገ ነው፤ አስፈጻሚው የፌዴራል ፖሊስ ነው። ወቅቱ ክላሽ በየመኪናው ተደብቆ የሚያዝበት ስለነበር እኔ በበኩሌ አዋጁ ያስፈልግ ነበር ባይ ነኝ። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 3፣ የክልልነት ጥያቄ ይዘው የተሰበሰቡ የወላይታ ዞን አመራሮችና ሌሎች ሰዎች ሶዶ ላይ ታሰሩ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሶዶና ቦዲቲ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ከአሥር በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። እነዚያ ጥይቶች ፈቃድ የሌለው ሰው የተኮሳቸው አልነበሩም፤ በአዋጁ ዓይን ሲታዩ እንከን የለሽ ነበሩ።

ሌላም አለ። አዋጅ 1177 ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዋጅ 1185 ወጣ፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን የሚቆጣጠረው። ጠመንጃና አፍ በአንድ ዓመት፣ በስምንት ቁጥር ልዩነት ሕግ ወጣላቸው። ለቀልደኞች የሚጠቅመውን ልንገራችሁ፦ 1185 ለኪነ ጥበብ ሥራና ለትወና የተለየ ቦታ ትቷል። ንግግሩ የጥበብ ሥራ አካል ከሆነ ጥላቻ ተብሎ አይከለከልም። ጥበብ መሆኑን የሚወስነው ግን መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኳው ፖሊስ ነው፤ የቲያትር ትምህርት ደግሞ በፖሊስ ማሠልጠኛ ዋና ትምህርት አይደለም።

ለዚህ ይመስለኛል የእኛ ስላቅ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከፊቱ አቁሞ የሚናገረው። ተክለ ሐዋርያት አውሬዎችን አቆሙ። አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም» ውስጥ ገና ያልተወለደ ልጅ አናገረ፤ መጽሐፉ ከመታገድ አልዳነም፣ ጽንሱ ግን ሊታሰር አልቻለም። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ በተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» የሚናገረው እብድ ነው። «ምን ልታዘዝ» የተባለው የፋና ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አገሪቱን ካፌ ውስጥ አስገብቶ በአስተናጋጅና በባለቤት ጭቅጭቅ ሹማምንቱን ተረበ። አሜሪካዊው ኮሜዲያን በገዛ ስሙ፣ በገዛ ድምፁ ይናገራል። እኛ ግን እንስሳ፣ ጽንስ፣ እብድ ወይም አስተናጋጅ እንከራያለን። አንዳንዶች ይህን ፍርሃት ይሉታል። እኔ አይመስለኝም፤ ሰምና ወርቅ ያሳደገው ጆሮ ቀጥታ የተነገረውን ቀልድ ጨው እንዳነሰው ወጥ ነው የሚቀምሰው።

የጎጃምና የጎንደር ሠርግ ላይ ስለሚተኮሰው ጥይት ሳልናገር ባልፍ የዚያ አገር ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። እዚያ ተኩስ ደስታም ሐዘንም ነው፤ ሙሽራ ሲገባም አስከሬን ሲወጣም ይተኮሳል። ወደ ሰማይ የወጣች ጥይት ስትመለስ ከአፈሙዙ የወጣችበት ፍጥነት ባይኖራትም የራስ ቅል ለመብሳት አታንስም። ሠርጉ ለቅሶ የሆነበት ቤት አለ። እዚህ ጋ ዒላማው መንግሥት አይደለም፤ ፎካሪው ነው። ፎካሪን ለመተረብ ደግሞ መሣሪያው በእጃችሁ አለ፤ ያው ቀረርቶው። ዜማውንና ሽለላውን ሳትቀይሩ ጀብዱውን ለውጡ። ማንን ገደልክ ሲባል ደመናውን፣ የአማቱን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጎረቤቱን የመብራት ሽቦ እየጠራ ይፎክር። ፎካሪው ራሱ ከሳቀ ተሳክቶላችኋል።

ለሶዶ ግን ሌላ ነገር ይሻላል ብዬ አስባለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ እንደምታውቁት አንድ ደስጣ ወረቀት ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግዥ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ሞዴል 19፣ ሞዴል 22 ይጠየቃል። ጥይት ለመተኮስ ግን ያን ያህል ወረቀት አይጠየቅም። ስለዚህ እኔ የፈጠርኩትን ይህን ረቂቅ መመሪያ ስሙና ፍረዱ።

«አንቀጽ 1፦ ማንኛውም ጥይት ከመተኮሱ በፊት ከሦስት ሕጋዊ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ኮሚቴው ካልተሟላ ተኩሱ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይተላለፋል። አንቀጽ 2፦ ተባራሪ ጥይት ከተመደበበት ቦታ ውጭ በራሱ ፈቃድ ስለ ሄደ የውሎ አበል አይከፈለውም። አንቀጽ 3፦ ማን እንደ ተኮሰ ካልታወቀ ጥይቱ በአካል ቀርቦ ያስረዳል። አንቀጽ 4፦ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሟች እንዳልሞተ ይቆጠራል።»

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። የመጀመሪያው ሁላችንንም የሚያስቅ የቢሮ ቀልድ ነው፤ ሰው ሲስቅ ዘና ይላል፣ በሩን ይከፍታል። ሁለተኛው ትንሽ ይጨክናል፤ ተባራሪ ጥይት አንድ ሰው ላይ እንዳረፈ እናውቃለንና። ሦስተኛው ወደ ምርመራው ይገባል፤ «ባልታወቁ ሰዎች» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ ሰምተናል? አራተኛው ላይ መሳቅ ያስቸግራል። እሱን መጀመሪያ ብታስቀምጡት ተመልካቹ ጆሮውን ይደፍናል። በሦስቱ ከሳቀ በኋላ ግን ማምለጫ የለውም፤ ዝም ይላል፣ ዝምታው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት የሚያክል ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። በአራቱም አንቀጾች ውስጥ ሟቹ አንድም ቀልድ አልተነገረበትም። ሶዶ ትልቅ ከተማ ብትመስልም ሰው ይተዋወቃል፤ በነሐሴ 2012 ልጁን የቀበረ አባት አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ያ አባት አንቀጽ 4 ሲነበብ ከማንም በፊት የሚገባው እሱ ነው፤ ሊስቅም ላይስቅም መብቱ ነው። የሟች እንቅስቃሴ ብትተውኑ፣ ደም የሚመስል ቀለም ብታፈሱ፣ የተኩስ ድምፅ በስፒከር ብትለቁ ግን እሱን ከአዳራሹ ታስወጡታላችሁ፤ ደርግም በ1969 አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ የተሞላ ጠርሙስ ሲሰብር የተጠቀመበት ያንኑ መሣሪያ ነው። ስላቅ ደም አያስፈልገውም። ጠረጴዛ፣ ካርኒና ማኅተም ይበቃዋል።

ስለዚህ ለጊፋታ የምትሰበሰቡ ልጆች ካላችሁና አሥር ደቂቃ መድረክ ካገኛችሁ ሞክሩት። በወላይትኛ ሥሩት፤ የመሥሪያ ቤቱን ቃላት ግን ፕሮፎርማውንም ሞዴሉንም እንዳለ ተዉት፣ ቢሮ ውስጥም እንዲሁ ነው የሚነገረው። ተኳሹ መድረክ ላይ ባይወጣ ይመረጣል፤ ወረፋ የያዘ ጥይት ብቻ ይኑር፣ ፎርም እየሞላ። የገንዘብ ያዡን ቦታ በቢሮ ለሠራው ጓደኛችሁ ስጡት። አታስተምሩት፣ አልባሳትም አያስፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቁት፤ ጥይቱ መስኮቱ ጋ ደርሶ «ለማን ልሂድ?» ሲለው፣ ቀና ሳይል «ነገ ተመለስ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይበል።